ለሌላ ሰም የተመረጠ ክር

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው የአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ነው። የተሰነጠቀውን ብርጭቆ አንስታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችና በውስጡ የቀረውን ሰም በጥፍሯ ተጫነችው። ጥፍሩ አልገባም። ነጭ ጭረት ብቻ ትቶ ተንሸራተተ። ሌሎቻችን ያየነው ይህንኑ ነው። እሷ ግን ብርጭቆውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ በሩ ጋ ወደቆመው ታናሽ ወንድሟ ዞር ሳትል፣

«ምን ሰም ነው ያፈሰስክበት?» አለችው።

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ሰውን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ እንደሚገፋ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ወንድሟ በሩ ላይ ተለጠፈ።

ቦታው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለአረጋውያኑ ጋዜጣና ልብወለድ የማነብበት መኖሪያ ነው። ሃያ አራት ክፍል አለው፣ በሁለት ፎቅ። መብራት በፈረቃ ስለሚጠፋ ኃላፊዋ ለየክፍሉ አንድ አንድ የብርጭቆ ሻማ ከዚህች ሴት ታዝዛለች። የመጀመሪያዎቹ ካለቁ በኋላ ሁለተኛው ዙር መጣ። ከመጣ በአራተኛው ቀን፣ አርብ ማታ፣ የአሮጊቷ አዋላጅ ብርጭቆ ከአፉ እስከ ታቹ ተሰንጥቆ የፈላ ሰም ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። መጋረጃው ጫፉ ተለብልቦ ነበር፤ አስታማሚዋ በእርጥብ ፎጣ ደረሰችለት። ኃላፊዋ በማግስቱ ሻማ ሠሪዋን አስጠራች።

«እትዬ፣ ሰም ነዋ» አለ ወንድሟ። «ነጭ ነው። ይቀልጣል፣ ይረጋል።»

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«ፓራፊን። ያንቺ የአኩሪ አተር ሰም አልቆ ነበር። አስመጪው ከወር በኋላ ና አለኝ። አንቺ ከእማዬ ጋር ሐኪም ቤት ነሽ፣ የማስረከቢያው ቀን ደርሷል። ምን ላድርግ?»

«የሻማው ክርስ?»

እዚህ ላይ ፊቱ በራ። «ክሩ ያንቺው ነው። ከመሳቢያሽ ነው ያወጣሁት፣ ሰባተኛውን። እሱን ምንም አልነካሁም።»

«አልነካሁም ይላል» አለች ለብርጭቆው። «ብትነካው ምናለ።»

ኃላፊዋ ነገሩን ለማብረድ እጇን አጣጥፋ ቀረበች። ሰው ስላልተጎዳ ተመስገን ማለት እንደሚገባ፣ በረጋ መንፈስ መነጋገር እንደሚቻል ተናገረች። ሻማ ሠሪዋ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ዛሬ መብራት ስንት ሰዓት ነው የሚጠፋው?»

«አሥራ ሁለት ተኩል።»

«እንግዲያው ከዚያ በፊት ሃያ አራቱንም ይዤ እወጣለሁ። አንድ ሳይቀር።»

«እንዴ፣ ዛሬውኑ? ሽማግሌዎቹ እኮ ወደዋቸዋል።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት ያንገበገበቻት። አንገቷ ላይ አንድ ሥር ሲነሳ አየሁት። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ አልተኛም።

ካርቶን እኔ ተሸከምኩ። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ስንዞር ያን ሥር የሚያስነሳ ነገር አልጠፋም። «ይሄኛው እኮ ነው ሻማ ማለት» አሉ አንዱ፣ ብርጭቆውን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ ይዘው። «የበፊቱ ዓይናፋር ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚደበቅ ዓይነት።» ሌላዋ፣ ነበልባሉ እንደ ጣት ይቆም እንደነበር፣ የመርፌ ቀዳዳ ያለ መነጽር እንዳሳያቸው ነገሩን። ጥቀርሻው ግድግዳው ላይ ጥቁር ምላስ አውጥቶ ነበር። «ይጠረጋል» አሉ።

እሷ አልተከራከረችም። «ይስጡኝ እማማ»፣ «ይስጡኝ አባባ» እያለች ትቀበላለች፤ አገላብጣ ታያለች፤ ካርቶኑ ውስጥ ታስቀምጣለች። ግን ሁሉም ብርጭቆ ታች ላይ በትንሽ ወረቀት የእሷ ምልክት ተለጥፎበት ነበር፤ እያንዳንዱን ወረቀት በጥፍሯ እየላጠች ኪሷ ትከታለች። ኪሷ በወረቀት ተወጠረ።

ወንድምየው ሁለተኛውን ካርቶን ይዞ ከኋላዬ ይከተላል። ሰው ፊት ጥርስ የማያስከድን ሰው ነው፤ በዚያ ሁሉ መሃል እንኳ ሹክ እያለ ያስቀኛል። እህቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በክር ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ እንደነበረች የነገረኝ እሱ ነው። ሠራተኛው «አይሆንም» ብሎ ነበር የሚጠራት። «አይሆንም መጣች» ሲባል የማሽን ክፍሉ ሁሉ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን የሥራ አስኪያጁን የሠርግ ልብስ ክር ሳይቀር መልሳበታለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ያመጣችው ዕቃ አንድ አጉሊ መነጽርና የክር መቁረጫ መቀስ ብቻ ነው።

«ሻማ የጀመረችው ለምን መሰለሽ?» አለኝ። «ከሱቅ የገዛነው ሻማ መሃል መሃሉን እንደ ጉድጓድ ቆፍሮ ዳር ዳሩን ሰም ትቶ ጠፋ። ማታውን ሙሉ ስትሳደብ አደረች። በማግስቱ ሰም ገዛች። በንዴት የተጀመረ ሥራ ነው፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሳቅኩ። ከፊታችን የእሷ ጀርባ ቀጥ አለ። ሳቄን ዋጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ስምንት ሰዓት ላይ ሃያ ሦስት ብርጭቆ ሰበሰብን። ይኼኔ ኮሪደሩ ላይ ሽማግሌዎቹ ወንበር ደርድረው ጠበቁን። የመኖሪያው ሰው ጠብ ሲሸተው መቀመጥ አይችልም፤ ማስታረቅ ለእነሱ ከጋዜጣ ይበልጣል። ከፊት የተቀመጡት የተቃጠለባቸው አዋላጅ ራሳቸው ነበሩ።

«ነይ እዚህ» አሏት። «ይሄ ልጅ ወንድምሽ ነው?»

«ነው።»

«ሆን ብሎ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ! ግንባሩን ሳሚውና ይለቅ። የተሰነጠቀው የእኔ ብርጭቆ ነው፣ የተቃጠለው የእኔ መጋረጃ ነው። እኔ ይቅር ካልኩ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

ወንድምየው ግንባሩን አዘጋጅቶ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት አልሳቅኩም፤ ሁላችንም በአንድነት እሷን ጥፋተኛ እያደረግን እንደሆነ ድንገት ገባኝ። የተቃጠለ ሰው ስለሌለ የተናደደችው አጥፊ ሆነች።

«እማማ፣ እርስዎ ይቅር ያሉት አንድ መጋረጃ ነው» አለች። «እኔ ደግሞ ሃያ ሦስት መጋረጃ ሳስብ ነው የዋልኩት። አሁን አንዱ ቀርቶኛል። የማን ነው?»

ሳቁ ጠፋ። አንዱ በምርኩዙ ወደ ደረጃው ጫፍ ጠቆመ።

የመጨረሻው ክፍል የአባባ ባቡር ነው። ሠላሳ ዓመት ባቡር ነድተዋል፤ ለዚህ ነው ስማቸው የጠፋው። ሻማቸውን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ከፊቱ እንደ ዘብ ተቀምጠዋል። ወሬው ቀድሞን ደርሷል።

«እሰጥሻለሁ» አሉ ገና ሳንቀመጥ። «ቅድሚያ ግን ከልጁ ጋር ታረቂ። ያለዚያ ከዚህ አልነሳም። ማታም አበራዋለሁ።»

አንድ ቃል ብትናገር፣ አንድ ጊዜ ብትስመው፣ ብርጭቆው በእጇ ነበር። ሰዓቱም እየሄደ ነው። እኔ በሆዴ «ሳሚው እንጂ፣ ምን ቸገረሽ» እያልኩ ነበር፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

«ለብርጭቆ ብዬ አልስመውም» አለች። «ብስመው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እሱም ይረሳዋል፣ እርስዎም ይረሱታል፣ የሚመጣው ወር ላይ ሌላ ነገር ያፈስበታል። አሁን ያብሩት።»

«ምን?»

«ያብሩት አባባ። በቀን። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ።»

ከቦርሳዋ አንድ ሌላ ብርጭቆ አወጣች፤ ከበፊቱ ዙር የተረፈ የራሷ ሻማ ነው። የሁለቱንም ክር በዚያች የፋብሪካ መቀስ እኩል ከረከመች፣ ጎን ለጎን አቆመቻቸው፣ ለኮሰቻቸው። መጋረጃውን ሰብስባ ቋጠረች። ውሃ በጆግ አስመጣች። ከዚያ ተቀመጥን።

እንዲህ ያለ ረጅም ሰዓት ዓይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ልዩነት የለም። ቀጥሎ የአባባ ባቡር ሻማ ምላሱን ዘረጋ፣ ተንቀጠቀጠ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር ጢስ ወደ ጣሪያው ሰደደ። «አየሽልኝ ጉልበቱን!» አሉ። የእሷ ትንሽ፣ ቢጫ፣ ዝም ያለ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ለመታየት እንኳ ያንሳል።

ቁጣዋ የሚናገርበት ሌላ መንገድ ስላጣ መሰለኝ፣ ዓይኗን ከብርጭቆዎቹ ሳትነቅል አወራች።

«አሥራ አንድ ዓይነት ክር ነበረኝ። ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ፣ ሁሉንም በተለያየ ቀለም ክር አስሬ። አንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ አንድ ዓይነት ሰም፣ አሥራ አንዱንም አንድ ላይ ለኮስኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በራሳቸው ሰም ሰጠሙ። ሦስተኛው መሃሉን ቆፈረ። እስከ ስድስተኛው ድረስ ዳሩ አልቀልጥ አለ። ሰባተኛው በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ዳር እስከ ዳር አቀለጠ፣ ጥልቀቱ የጥፍሬን ያህል፣ ብርጭቆውም በእጅ የሚያዝ። ስምንተኛው አናቱ ላይ እንጉዳይ የመሰለ ከሰል አበቀለ። ከዘጠኝ በላይ ያለው ጥቀርሻ ነው። አንድ ጊዜ አይደለም፣ አራት ጊዜ ነው የደጋገምኩት። ስምንት ወር። እማዬ ‹ልጄ ቤቱን እሳት አደጋ ጣቢያ አደረግሽው› እስክትለኝ።»

«ሰባተኛው ነው ታዲያ እኔ ያደረግኩት» አለ ወንድምየው ከበሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ።

«ለአኩሪ አተር ሰም ነው ሰባተኛው!» ዞር አለችበት። በዚያ ቀን ድምፅዋን ያነሳችው ይህችኑ አንድ ጊዜ ነው። «ያ ሰም ለመቅለጥ ይለግማል፣ ወፈር ያለ ክር ካልጎተተው አይመጣም። ፓራፊን ግን ሳይጠሩት ነው የሚመጣው። ለለጋሚ የመረጥኩትን ክር ለችኩል ሰጠኸው። ሰሙን ቀይረህ ክሩን ከምትተወው፣ ሁለቱንም ብትቀይር ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ የእኔ ነው አትልም ነበር።»

ወንድምየው ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ብርሃኑ ግድግዳው ላይ እየወረደ ሄደ። በሁለተኛው ሰዓት ላይ የአባባ ባቡር ሻማ ክር አናቱ ላይ ጥቁር እንጉዳይ ተሸከመ፤ ከእንጉዳዩ ፍም እየተቆረሰ የቀለጠው ሰም ውስጥ ወደቀና ተንሳፈፈ። ሰሙ ከብርጭቆው ግማሽ በላይ ውሃ ሆኗል። የብርጭቆው አፍ ጠቁሯል። እሷ የራሷን አንስታ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። በሁለት መዳፋቸው አቀፉት፤ ለብ ያለ ነበር።

«አሁን ያንን ይያዙት።»

እጃቸውን ሰደዱ። ሳይነኩት፣ አንድ ጣት ያህል ሲቀራቸው፣ መለሱት። እንደገና ሞከሩ፤ ግትር ሰው ናቸው። በጣታቸው ጫፍ ነክተው ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

«ይሄ ገና ከላይ ነው» አለች። «ታች ሲደርስ፣ ክሩን የሚይዘው የቆርቆሮ መቆሚያ ሲግል፣ ብርጭቆው ነው ዕዳውን የሚከፍለው። እርስዎ ደግሞ ያን ጊዜ ተኝተዋል።»

አባባ ባቡር ጣታቸውን እየመጠጡ ነበልባሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። «የሞተሩ መርፌ ቀዩን ሲነካ» አሉ በመጨረሻ፣ «ረዳቴ ምን ይለኝ ነበር መሰለሽ? ‹አባ፣ ዛሬ እንዴት ጥሩ እየሄደልን ነው!› እንዲህ ይለኝ ነበር፣ ደንቆሮ።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው በአንድ ትንፋሽ አጠፉት። «ውሰጂው። ያቺን ዓይናፋር ግን ትተሽልኝ ሂጂ።»

«ክሯን ሳይከረክሙ እንዳያበሯት» አለች። መቀሱን ሊቀበሏት እጃቸውን ሲዘረጉ አልሰጠቻቸውም። «በጥፍር መቁረጫ ይሆናል።»

«ከልጁስ ጋር?»

«እሱን ይለፉት አባባ።»

ሰሙ እስኪረጋ ጠበቅን። ሃያ አራተኛውን ካርቶኑ ውስጥ ስታስቀምጥ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ወንበሮቹ አሁንም ተደርድረዋል፤ አዋላጇ ቀና ብለው አዩን። ኃላፊዋ በሩ ላይ ለዛሬ ማታ የባትሪ መብራት እንደምታከፋፍል ነገረቻት። ራሷን ነቀነቀች፣ አላመሰገነችም።

ደጃፍ ላይ የያዝኩትን ካርቶን ተቀበለችኝ፤ ወንድምየው ሊያግዛት እጁን ዘረጋ።

«የያዝከውን ያዝ» አለችው። «ቤት ገብተህ ሰሙን ሁሉ ታወጣለህ። ክሩን ከነቆርቆሮው ትነቅላለህ። ከዚያ ያንኑ ፓራፊን መልሰህ ታፈስና አሥራ አንዱንም ክር አንድ በአንድ ታቃጥላለህ፣ ትክክለኛውን እስክታገኝ። እኔ አልነግርህም።»

«አራት ጊዜ?»

«አራት ጊዜ።»

መንገዱን ተሻግሮ ቀድሟት ሄደ፣ አንገቱን ሰብሮ። እሷ ካርቶኗን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ማሰሪያውን ስታጠብቅ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ቀኑን ሙሉ አብሬያት ስለዋልኩ አንድ ነገር ማለት ያለብኝ መሰለኝ።

«አሁን ትንሽ ቀለል አለዎት?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ያ ሥር አሁንም እዚያው ነበር።

«ለምን ይቅለለኝ?» አለች። «አንድም ሰው ለምን እንደተናደድኩ ሳይጠይቀኝ ነው የዋልኩት። አንቺም ጭምር።»

ካርቶኗን አነሳችና ሄደች። ብርጭቆዎቹ በእርምጃዋ ልክ ይንኳኳሉ። ወንድሟ ማዶ ቆሞ ሲጠብቃት በአጠገቡ አልፋው ሄደች፤ ወደ እኔም ወደ እሱም አልዞረችም።