ወረንጦና ባነር

እኛ መሥሪያ ቤት ዓመቱ የሚቆጠረው በባነር ነው። የዓይን ቀን፣ የእጅ መታጠብ ቀን፣ የኤድስ ቀን፣ የሴቶች ቀን፣ የቲቢ ቀን እያልን ጳጉሜን ላይ እንደርሳለን። የእኔ ሥራ ከፍኖተ ሰላም እየተነሣሁ በየገጠሩ ማይክ ይዤ ስለ ጤና ማስተማር ነው። በሙያዬ አልታማም፤ አንድ የእጅ መታጠብ ቀን ባነሩን፣ ሳሙናውንና ድምፅ ማጉያውን ጭኜ ውኃውን ብቻ ረስቼ ከመሄዴ በቀር።

እናቴ ግን በዓል የምትለው ሥራ የሚያስፈታውን ነው። ከቡሬ ወጣ ብላ ነው የምትኖረው፤ ስደውልላት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ዛሬ ደግሞ የምን ቀን እንደሆነ ነው። ስነግራት ትስቃለች። በሬ ተጠምዶ የሚውልበት ቀን ምኑ በዓል ይባላል ትለኛለች።

የእሷ ዓመት የሚሄደው በማርያም ነው። ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን ማኅበሯ ይጠጣል፤ መንገድ ካልተዘጋ ወይም ሥራ ካልያዘኝ በቀር እኔም እሄዳለሁ። የምሄደው ለጠላው አይደለም። የእናቴ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየተቀለበሰ ብሌኗን ይወጋታል። ማኅበርተኞቹ ሲሸኙ ግድግዳው ጥግ፣ ፀሐይ ላይ ቆዳ ታነጥፍና ራሷን ጭኔ ላይ ታሳርፋለች፤ እኔ እሾህ በምናወጣበት ወረንጦ ፀጉሩን አንድ በአንድ እነቅልላታለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ይኸ የእኔ ሥራ ነው። ከልጆቿ ሁሉ እጅሽ አያምም ብላ የመረጠችኝ እኔን ነበር፤ በዚያ ስኮራ ነው ያደግሁት። ዓይኗን ጨፍና የወሩን ወሬ ታወራኛለች፤ ማን ከማን እንደታረቀ፣ የማን ላም እንደወለደች። ያንን ሰዓት እወደው ነበር፤ አልዋሽም።

ግን ተምሬያለሁና አውቃለሁ። የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ ሲበቅል ይብስ ይወጋል፤ ብሌኑን ሲጭር ሲጭር ኖሮ ብርሃን ይነሳል። መድኃኒቱ አጭር ቀዶ ሕክምና ነው። በየወሩ እነግራታለሁ፤ እሷም በየወሩ ምክንያት አታጣም። ነሐሴ አረም ነው፣ ኅዳር አጨዳ ነው፣ መጋቢት ጾም ነው። የግራ ዓይኗ እየደበዘዘ መሄዱንም ደብቃኝ ነበር፤ ያወቅሁት ጠላ ስትቀዳልኝ ከብርጭቆው ውጭ ስታፈስ ነው። ያን ቀን ተቆጣኋት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ አገር የሚያዳምጠኝን እኔን እናቴ አልሰማ አለችኝ።

ባለፈው ጥቅምት የዓይን ቀን እሷ ቀበሌ እንዲከበር፣ ቀኑም ተገፍቶ ማርያም ላይ እንዲውል አለቃዬን ለመንኩ። በማርያም የሚያርስ የለምና ሰው ይገኛል አልኩ፤ በልቤ የያዝኩት ግን አንዲት ሰው ብቻ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ፤ ሐኪሞቹ እዚያው ጤና ኬላው ውስጥ ተዘጋጅተዋል። ማይኩን ይዤ፣ በወረንጦ መንቀል ለዓይነ ስውርነት እንደሚዳርግ፣ የሚነቅለውም ሰው የሚረዳ እየመሰለው እንደሚጎዳ በሙሉ ድምፄ አስረዳሁ። ከእናቴ ማኅበርተኞች አንዲት እማሆይ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ልጄ፣ የእናትሽን የሚነቅለው ማነው?» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ማይኩን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ከኋላ ወደ ተቀመጠችው እናቴ ሄድኩ፤ ፊቴ በእፍረት ግሏል። ከእንግዲህ ወረንጦ እጄ እንደማይገባ ነገርኳት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

«ዓይኔ ከዳነ፣ በየማርያሙ ምን ብለሽ ትመጫለሽ?» አለችኝ።

ያ ሁሉ አረምና አጨዳ ለካ ይኸ ነበር። ወረንጦውን ሳላስብ እሷን ብቻ ብዬ የሄድኩበትን አንድ ቀን ላስታውስ ሞከርኩ፤ አጣሁ። እመጣለሁ አልኳት። ትንሽ አሰበችና ተነሣች፤ ክንዴን ይዛ ወደ ጤና ኬላው ገባች።

ሕክምናው ደህና ሆነላት። የግራ ዓይኗ እንደ ድሮው ባይሆንም ከዚያ በላይ አልከፋም። ኅዳር ማርያም ግን የሚውለው በኤድስ ቀን ዋዜማ ነው። ባነሩ አልተሰቀለም፣ ድንኳኑ አልተተከለም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ለታኅሣሥ እመጣለሁ ብዬ እደውል ነበር። መደወልም ጀምሬ ነበር። ስልኩን ዘጋሁት፤ ሥራውን ሁሉ ለባልደረባዬ ጥዬበት በማለዳ ተሳፈርኩ።

ስደርስ ማኅበርተኞቹ ተሸኝተዋል። እናቴ ግድግዳው ጥግ ቆዳዋን አንጥፋ ተቀምጣለች፤ ወትሮ ፀሐይ ላይ የሚያነባው ዓይኗ ደረቅ ነበር። ዛሬስ የምን ቀን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የምንም እንዳልሆነ፣ እንዲሁ እንደመጣሁ ነገርኳት። አጠገቧ ስቀመጥ ፊቴን ትክ ብላ አየችው። ለካ ያን ያህል ዓመት ስታወራኝ ዓይኗን እንደጨፈነች ነበር።

«ሸብተሻል እኮ፣ ልጄ» አለችኝ።

ከመቀነቷ ጫፍ ወረንጦውን ፈታችና ጭኗን መታ መታ አደረገች። ራሴን አሳረፍኩ።