ጀርባው ያልተሣለው ድንጋይ

«አክስቴ፣ እንግዶቼ እየወጡብኝ ነው! በሩን በምንድን ነው የምዘጋው?»

እንዲህ የጮኸችው የወንድሜ ልጅ ኢክራም ናት። ለዒድ ከአባቷ ጋር ከደሎ መና መጥታ ላፕቶፔን ከያዘች ወዲህ ምግብ እንኳ የምትበላው በልመና ነበር። የመዝናኛ ፓርክ የሚሠራበት ጌም ነው የያዛት። መንገድ ይዘረጋል፣ ዛፍ ይተከላል፣ መጫወቻ ይገጠማል፤ ከዚያ ትንንሽ ሰዎች በበሩ ይገቡና ይዝናናሉ። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን እንደያዝኩ መጥቼ ከኋላዋ ቆምኩ። በማግስቱ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ ሥራ እጄ ላይ አልረጋ ብሎኝ ነበር። ያቺን ጥያቄ ስሰማ ደግሞ ጭራሽ ሐሳቤ ወደ ልጅነቴ ሸሸ።

ልጅ እያለሁ ጎባ ውስጥ እንደኔ ያለ ቁንጥንጥ አልነበረም። እናቴ «እግርሽ ላይ ጉንዳን ወጥቶብሻል እንዴ?» ትለኛለች። ወረፋ አልችልም፣ ተረት እስኪያልቅ አልታገሥም፣ ድንች ሳይበስል ከእሳት አውጥቼ ምላሴን እቃጠላለሁ። ግን ሁሉም ነገር ከተፈጥሮዬ የመጣ አይመስለኝም። እናትና አባቴ ሲለያዩ አባቴ ሮቤ ወዳለው ሱቁ ጠቅልሎ ሄደ፤ ታላቅ ወንድሜን ሙራድንም ይዞት ሄደ። እኔ ከእናቴ ጋር ጎባ ቀረሁ። ከጎባ ሮቤ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ወሬ ሳይጋመስ የሚደረስበት መንገድ ነው። ነገር ግን አባቴ «እሷ ትምጣ» ይላል፣ እናቴ «እሱ ይምጣ» ትላለች፣ ሁለቱም ግትር ናቸውና እኔና ሙራድ የምንገናኘው ለዒድና ለሰው ሠርግ ብቻ ሆነ። ወንድሜ ናፈቀኝ ብዬ መናገር ደግሞ ከሁለቱ አንዳቸውን መክሰስ ይመስለኝ ስለነበር ዝም አልኩ። ዝም ያለ አፍ እግር ላይ ይወጣል መሰለኝ፣ መሮጥ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

እንደ ኢክራም ያለውን የፓርክ ጌም ያኔ ያገኘው ሙራድ ነው። አባቴ ዘመናዊ ነጋዴ ለመሆን ብሎ ገዝቶ፣ ከዚያ በጨርቅ ሸፍኖ የተወው ኮምፒውተር ሱቁ ውስጥ ነበር። ሙራድ እዚያ ላይ ጫነው፤ ለእኔም በፍላሽ ላከልኝ። እኔ የምጫወተው የእናቴ ጓደኛ እትዬ ብርቄ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። የቀለምና የሞቀ ወረቀት ሽታ ያላት፣ ጣሪያዋ ዝናብ ሲመታው ሰው የማያደማምጥ፣ ጠባብ ክፍል ናት። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እትዬ ብርቄ ሁለተኛዋን ኮምፒውተር ትለቅልኛለች። «ወንበሬን እንዳታነቃንቂው እንጂ ሌላው የራስሽ ጉዳይ ነው» ትለኛለች። እኔ ግን እንቅልፍ ካልወሰደኝ በቀር ወንበር አላነቃንቅ የምል ልጅ አልነበርኩም።

ጌሙ ውስጥ ያለው ሁሉ የፈረንጅ ነበር። ዛፉ ዘንባባ፣ ቤቱ ግንብ፣ ሐውልቱ የማናውቀው ሰው። ሙራድ የባሌ እናድርገው አለ። ሰው ራሱ የሣለውን ጌሙ ውስጥ የሚያስገባ ትንሽ ፕሮግራም ከጓደኛው አገኘ። ሥዕሉን ፔይንት ላይ ነጥብ በነጥብ እንሥላለን። ችግሩ ተጫዋቹ ስክሪኑን ስለሚያዞረው አንድ ዕቃ አራት ጊዜ መሣል አለበት፤ ከፊት፣ ከጀርባ፣ ከግራና ከቀኝ። የነገር ጀርባ ምን እንደሚመስል ሰው ለካ አያውቅም! የዳቦ ቤቱን ፊት ዓይኔን ጨፍኜ እሥለዋለሁ፤ ጀርባውን ለማየት ስዞር ግን የባለቤቱ ውሻ እስከ ሰፈሬ ሸኘኝ። ለጅብራ፣ ለዚያ ረጅም የደጋ ተክል፣ አንቸገርም፣ ከየትም ቢያዩት ያው ነው፤ ስለዚህ ፓርካችን ከጎባ በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ እስኪመስል ድረስ ጅብራ ብቻ ሞላነው። የሚዞሩትን የእንጨት ፈረሶች ቀይ ዘርፍ ያለው የባሌ ኮርቻ ጫንናቸው። ሙራድ የሣለው ቀይ ቀበሮ ግን ፍየል ሆኖ ቀረ፤ ፍየል ነው ስለው ተቆጥቶ አራት ቦታ ተከለው።

ፍላሹን የሚያመላልስልን ኦቦ ከድር ነበር፤ የጎባ–ሮቤ ሚኒባስ ሹፌር፣ የአባቴ የቆየ ወዳጅ። ፍላሹን ፊት ለፊቱ ባለው የፀሐይ መከለያ ላይ በላስቲክ ያስረዋል። እኔ የሣልኩትን ዕቃ ጨምሬ እልካለሁ፣ ሙራድ የእሱን ጨምሮ ይመልሳል። መናኸሪያ ስደርስ ኦቦ ከድር ገና ከሩቅ «አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ! እንዴት ነሽ ልጄ? ፓርክሽን ይዤልሽ መጣሁ። ይኼን ሁሉ ዛፍና ፈረስ ጭኜ ነዳጅ አልጨመረብኝም፣ አልሐምዱሊላህ» ይለኛል። እኔ «ይስጡኝ፣ ይስጡኝ» ስል ሆን ብሎ ኪሱን ሁሉ ይዳብሳል። ያኔ ሊፈነዳ የሚደርሰውን ደረቴን ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

አንድ ቀን ፍላሹ ውስጥ ቤታችን መጣ። ጎባ ያለው፣ አራታችንም የነበርንበት ቤት። ሙራድ በትዝታ ብቻ አራቱንም ጎኑን ሥሎታል። እየሮጥኩ ሄጄ የቤታችንን ጀርባ አየሁት፤ የተሰነጠቀውን አሸንዳ እንኳ አልረሳውም። ቤቱን ከፓርኩ በር አጠገብ ተከልነው። ከዚያ በኋላ ፓርኩን በከፈትኩ ቁጥር አራታችንም እዚያ ውስጥ ያለን ይመስለኝ ነበር። ሙራድ በዒድ ስንገናኝ «ፓርኩ ሳያልቅ የትም አልሄድም» ብሎኝ ስለነበር፣ እንዲያልቅ አልፈልግም ነበር።

ወሬውን የነገረኝ ኦቦ ከድር ነው። ያን ቀን አልቀለደም። «አባትሽ ሱቁን ዘግቶ ደሎ መና ሊወርድ ነው። ቡና ሊነግድ። ሙራድም አብሮት ነው፣ ትምህርቱን እዚያ ይቀጥላል» አለኝና ፍላሹን እጄ ላይ አስቀመጠ። ደሎ መና ማለት ሳነቴን ወጥቶ፣ በሪራ በኩል ጫካውን ወርዶ፣ ቆላ መግባት ነው። የኦቦ ከድር ሚኒባስ ደግሞ ጎባ ደርሶ ነው የሚመለሰው።

በቀጥታ ወደ እትዬ ብርቄ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ እንኳ አልተቀመጥኩም፣ ቆሜ ነው የሣልኩት። ትልቅ ድንጋይ። ሙራድ ከትምህርት ቤት ጋር ሄዶ ያየውን የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሲያወራልኝ እንዳሰብኩት ያለ፣ ጥቁርና ግራጫ፣ ግን አፍ የሌለው። ጌሙ የአማርኛ ፊደል ስለማያውቅ በሥዕል «መውጫ የለም» ብዬ ግንባሩ ላይ ጻፍኩበት። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ሳይጠፋብኝ ብዬ ሦስቱን ጎን ብቻ ሥዬ ጀርባውን ባዶ ተውኩት። ከዚያ በፓርኩ በር ያለውን መንገድ አነሣሁና ድንጋዩን ተከልኩበት። ማንም ከዚህ ወዲያ አይሄድም አልኩ። እትዬ ብርቄ በትከሻዬ አሻግራ አይታ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች፤ ስለምኑ እንደሆነ ግን አልጠየቀችኝም።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ፓርኩ ሞላ። ቆይቶ ግን እንግዶቹ ድንጋዩ ሥር መከማቸት ጀመሩ። ወደ ቤታቸው መሄድ ይፈልጋሉ። ፊታቸው ቀላ፣ አግዳሚ ወንበሩን ሰበሩ፣ ያጌጡት ፈረሶች ባዷቸውን መዞር ያዙ። አዲስ ሰውም መምጣት አቆመ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። እልህ ይዞኝ እንደዚያው አድርጌ ለሙራድ ላክሁት።

ፍላሹ ሳይመለስ ቀረ። መናኸሪያ እሄዳለሁ፣ ኦቦ ከድር ራሱን ይነቀንቃል። ትምህርት ቤት የተጻፈው አይታየኝም፣ እናቴ የምትናገረው አይሰማኝም። እንደዚያ ሆኜ የሚሄዱበት ቀን ደረሰ።

ማለዳ ነው። ጎባ በጉም ተሸፍናለች፣ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የደሎ መናው አውቶቡስ ከሮቤ ተነሥቶ በእኛ በኩል ስለሚያልፍ እኔና እናቴ መንገድ ዳር ቆምን። አውቶቡሱ ሲቆም ሙራድ ዘሎ ወርዶ እናቴን አቀፋት። እኔ አላቀፍኩትም። «ፓርኩ ሳያልቅ?» አልኩት ብቻ።

«ፍላሹን ለኦቦ ከድር ሰጥቼዋለሁ። ፎዚ፣ አዙረሽ እዪው እሺ?» አለኝ።

አባቴ አልወረደም። መስኮቱን ከፍቶ እናቴን ሲያያት ቆየና «ዘይነባ፣ ብርድ ነው፣ ግቢ» አላት። ከተለያዩ ወዲህ በቀጥታ ያናገራት ያኔ ነው። እሷም «እሺ» አለችው፤ ግን አውቶቡሱ ዳገቱን ወጥቶ ጉሙ እስኪውጠው ድረስ ሁለታችንም ከቆምንበት አልተነቃነቅንም። እኔ ቁንጥንጧ እንኳ።

ፍላሹን ከኦቦ ከድር ተቀብዬ ወደ እትዬ ብርቄ ስሮጥ መብራት የለም። ዋለ፣ አልመጣም። እትዬ ብርቄ በር ላይ ቁጭ ብድግ ስል፣ አምፖሉን ሳይ፣ ትራንስፎርመሩን ስረግም ዋልኩ። እትዬ ብርቄም ሰለቻትና «አንቺ ልጅ፣ መብራቱ በእግር አይመጣም እኮ!» አለችኝ። ሊመሽ ሲል ድንገት አካባቢው ሁሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ።

ፓርኩን ከፈትኩ። ድንጋዬ እንደተከልኩት አለ፣ «መውጫ የለም» ይላል። ሙራድ የነካው አይመስልም። እንግዶቹ ግን ፊታቸው ፈክቷል፣ ፈረሶቹ ላይ ሰልፍ አለ። አንዳንዱ ወደ ድንጋዩ ይሄድና ከኋላው ገብቶ ይጠፋል። ከዚያው ከኋላው ደግሞ ሌሎች ብቅ ይላሉ። ያኔ «አዙረሽ እዪው» ያለኝ ትዝ አለኝና ስክሪኑን አዞርኩት።

ባዶ የተውኩትን ጀርባ ሞልቶታል። የሶፍ ዑመርን ሌላኛውን አፍ ነው የሣለው፤ የዌብ ወንዝ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው የሚወጣበትን፣ ብርሃን የሚገባበትን ትልቅ በር። ድንጋዩን ትንሽ ገፋ አድርጎ ከሥሩ መንገድ ዘርግቷል። ከበሩ ውጪ የኦቦ ከድር ሚኒባስ ቆማለች። ከዋሻው አፍ በላይ ደግሞ በሥዕል፣ በዚያ በተጣመመ እጅ ጽሑፉ፣ «መግቢያ» ይላል።

እኔ የዘጋሁት በር ከውጭ ለሚመጣ ሰው መግቢያው እንደነበር ያኔ ገባኝ። አለቀስኩ። እትዬ ብርቄ ደንግጣ ማሽኗን አቁማ መጣች፣ ስክሪኑን አየች፣ ምንም አልገባትም፤ ግን ራሴን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች።

ከዚያ በኋላ ፍላሹ በደሎ መና አውቶቡስ መመላለስ ያዘ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው ሲገኝ። ሙራድም በየዕረፍቱ ይመጣ ነበር፤ እናቴ «እሱ ይምጣ» ማለቷን ትታ «መቼ ነው የሚመጣው?» ማለት ጀመረች። የፓርኩ ፍጻሜ ግን ያስቃል። አንድ ጊዜ ሙራድ እንዳይጠፋ ብሎ ፍላሹን ለእናቴ ከሚልከው የሪራ ማር ጋር አሽጎ ላከው። ማሩ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ፍላሹን ላስኩት፣ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ከዚያ ወዲያ አልተከፈተም። ሌላ ቅጂ አላስቀረንም ነበርና ባሌን የመሰለ ፓርክ ማር በልቶት ቀረ።

ዛሬ እነ ኢክራም የሚፈልጉት ሁሉ ተሠርቶ ይጠብቃቸዋል። የማያውቁት ሰው የሠራውን ዛፍና ቤት በአንዴ ያወርዳሉ፣ አራቱም ጎን ተሟልቶ። ማንም የዳቦ ቤት ጀርባ ለማየት በውሻ አይባረርም። ወንድሜም ከስልኬ ውስጥ በፈለግኩት ሰዓት ይስቃል። እኔ ግን ያ መናኸሪያ፣ ያ ኪስ መዳበስ፣ ያ ደረት ሊያፈነዳ የሚደርስ መጠበቅ ይናፍቀኛል። አሁን ሁሉም ነገር ቶሎ ይደርሳል፣ እኔ ደግሞ ያው ቁንጥንጥ ነኝ፤ የምቁነጠነጥለት ነገር ግን አነሰብኝ።

ቢላዋውን አስቀምጬ ማውሱን ከኢክራም ተቀበልኩ። በሩን አልዘጋሁላትም። ስክሪኑን አዞርኩላት። ትንሽ አየችና «እንዴ! እየገቡም ነው ለካ» አለች።

በማግስቱ ማለዳ ሸኘኋቸው። ሙራድ ሻንጣውን ሲጭን አሥር ጊዜ ወጥቼ ገባሁ፤ ዳቦ ረሳችሁ፣ ውኃ ረሳችሁ፣ ፎጣ ረሳችሁ። ምንም እንዳልረሱ እያወቀ ሳቀብኝ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ሆኖ መስኮቱን ከፈተና «ፎዚ፣ ብርድ ነው፣ ግቢ» አለኝ። ድምፁ ቁርጥ የአባቴን ነበር።

እሺ አልኩት፣ ገባሁም። የግቢውን በር ግን አልዘጋሁትም። የጎረቤት ፍየል ገብታ ጎመኔን ስትበላ እያየኋት እንኳ፣ ክፍቱን ዋለ።