ባዶ ሚስማሮች

ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ክፍል የተከራየሁባቸው እናት ከስንደዶና ከባለቀለም ክር የግድግዳ ስፌት እየሰፉ፣ ሌሎች ሴቶችንም እያሠሩ ለቱሪስት ይሸጡ ነበር። ቱሪስቱ ሲቀር፣ ክሩም ሲወደድ ሥራው ቆመ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የሳሎኑ ግድግዳ ከሚስማሮቹ በቀር ራቁቱን ቀርቷል። ሲዳሩ የተሰጧቸውን ስፌቶች ለነጋዴ ሸጠው ክር ገዝተውበታል።

እዚህ ላላደገ ሰው ላስረዳ፤ በሐረሪ ቤት እነዚያ ስፌቶች ጌጥ ብቻ አይደሉም። እንግዳ የቤቱን ክብር የሚያየው በእነሱ ነው። በማግስቱ ደግሞ አፎቻው፣ ማለትም በሠርግና በኀዘን የሚረዳዱት የሰፈሩ ሴቶች ማኅበር፣ የሚሰበሰበው እዚያው ሳሎን ነበር።

«በመጋረጃ ብንሸፍነውስ?» አልኳቸው።

«ተይው፣ ይዩት» አሉኝ።

ሴቶቹ መጡ። ሰላምታው አልቆ መደቡ ላይ ሲቀመጡ ሁሉም ግድግዳውን ያያሉ። ሻይ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ሚስማሮቹን በምርኩዛቸው እየጠቆሙ፣ «ሱብሃነላህ! የቤትሽን ጥርስ ማን አወለቀው?» አሉ።

«ክር ገዛሁበት» አሉ አከራዬ። «የሚሰፉልኝ ሴቶች ሥራ ፈትተው ከሚቀመጡ ብዬ።»

«ለፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ የምትሰፊው?» አሉ አሮጊቷ። «የልጅ ልጄ ከረመዳን በኋላ ታገባለች፤ የሷን ስፉልኝ። ወላሂ፣ የፈረንጅ ዋጋ ብትጠሪብኝ ግን አልገዛም!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሌላ ያዘዘ ግን የለም። እንግዶቹ እንደወጡ አከራዬ ሰፊዎቻቸውን አስጠርተው ክሩን አከፋፈሉ። እኔ ብርጭቆ እየሰበሰብኩ ሚስማሮቹን አያለሁ፤ ከዚህ ሠርግ በኋላስ ለማን ይሰፋሉ?