ፖሊሱን ሩጫ ያስተማሩት አጎቴ

አጎቴ ጎንደር በአንድ ኮሌጅ የሩጫ አሰልጣኝ ነበሩ። በዚያ የረሃብ ዘመን ተሰደን ሱዳን ገባን፤ እሳቸው ግን የሰው አሯሯጥ ማረማቸውን አልተዉም።

አንድ ቀን ገዳሪፍ ገበያ ማሽላ ልንገዛ ሄደን ሳለ አንድ ወፍራም ፖሊስ «ወረቀት!» አለን። እኔ የስደተኛ መታወቂያ ነበረኝ፤ እሳቸው አልነበራቸውም። ወረቀት የሌለው ወደ ድንበር ይመለሳል፤ እዚያ ደግሞ የሚበላ የለም። አጎቴ ከነሽበታቸው ተፈተለኩ፤ ፖሊሱም ተከተላቸው። ጥቂት እንደሮጡ ዞር ብለው አዩትና አላስችል አላቸው።

«ክንድህን ዝቅ አድርግ! በአፍንጫህ ተንፍስ!» ብለው በተሰባበረ ዓረብኛ ጮኹበት።

የሰሊጥ ነጋዴዎቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ፖሊሱ ግን ትንፋሹ አጥሮት ጆንያ ላይ ተዘረረ። ይኼኔ አጎቴ ተመለሱ።

«ጋሼ፣ ያስሩዎታል! ይሂዱ እንጂ!» አልኳቸው።

«ሯጭ ወድቆ ጥዬው የት እሄዳለሁ?» አሉና ቀበቶውን ፈተው ውኃ አጠጡት።

ፖሊሱ ነፍስ ሲዘራ እጃቸውን ጭምድድ አድርጎ ያዘ። አለቀልን ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። እሱ ግን እያለከለከ «ነገም መጥተህ አሰልጥነኝ» አላቸው።

ባለፈው ሳምንት ከቀብራቸው ስንመለስ ሁላችንም ጎብጠን፣ እግራችንን እየጎተትን ሄድን። ቀና በሉ ብሎ የሚቆጣን አልነበረም።