ተያት፣ ገና አልሞተችም

ጠጠር ከእንጨት ጋር ሲጋጭ የሚወጣው ያ ደረቅ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ ያቃጭላል። ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ሰፈር፣ እናቴ ዘይነባ ተቀጥራ በምትሠራበት ቤት፣ ጃፓን አገር የተማሩት ጡረተኛ መሐንዲስ ዓም ሃሺም በሐሩሩ ወራት በረንዳው ላይ ሰሌዳ ዘርግተው፣ ጥቁሩን ጠጠር ለእኔ፣ ነጩን ለራሳቸው አድርገው ጎ የሚባለውን ጨዋታ ያስተምሩኝ ነበር። እሳቸው ወደያዙት ጥግ ጠጋ ብዬ አንድ ጠጠር ሳስቀምጥ፣ በወዲያኛው ጎን ሌላ አስቀምጠው ጠጠሬን መሐል ያስገቡብኝ ነበር፤ እኔም እንዳትበላብኝ ፈርቼ፣ ሌላ ጠጠር እየቀጠልኩ ላወጣት እጣደፍ ነበር።

«ተያት፣ ገና አልሞተችም። እኔ እሷን ስከብብ አንቺ ሌላ ጥግ ትይዣለሽ» ይሉኝ ነበር። አልሰማቸውም። እናቴ ወለሉን እየወለወለች «ፈሪ ለእናቱ!» ብላ ትስቅብኝ ነበር።

ዝናቡ ገብቶ የሰፈራችንን የጀሪፍን መንገድ ጭቃ ባደረገው ሰሞን የእናቴ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ጊዜው አለፈ። ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ የሚለቅመው አፈሳ፣ እዚያ እንደሚሉት ከሻ፣ የበረታውም ያኔ ነው። ወደ ድንበር ይልኳታል፣ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ ብዬ፣ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እበረግግ ነበር።

ብርዱ ሲገባ አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ፣ የፖሊስ ቦክሲ መኪና ከፊታችን መንገዱን ዘግቶ ቆመ፤ ዞር ስል ከኋላም ሁለት ፖሊሶች በእግር ይመጣሉ። ልሮጥ ስል እናቴ ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨመቀችና፣ ፖሊሶቹን ጭራሽ እንዳላየች ሆና ወደ አንድ የማናውቀው በር ሄደች። በካርቱም ሲመሻሽ ሰው ደጁን ውኃ ይረጫል፤ እዚያም በር ላይ የማጠጫ ጎማ ውኃ እያፈሰሰ ወድቆ ነበር። አነሳችና አቧራውን ማርጠብ ጀመረች።

«ያላ፣ መጥረጊያ አምጪ! ምን ይገትርሻል?» ብላ በዐረብኛ ጮኸችብኝ።

አንዱ ፖሊስ ቀረበና «ኢቃማሽስ?» አላት።

«ጁዋ፣ ውስጥ ነው። ሃጃ፣ አሠሪዬ ጋ» አለች፣ ዞር እንኳ ሳትል።

ወዲያው በሩ ተከፈተና አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ። አለቀልን አልኩ። ፖሊሱን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ ከዚያ «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ውኃውን አታባክኚ፤ ጨርሺና ግቢ» አሉ። ፖሊሱ ሄደ።

ገብተን በሩ ሲዘጋ እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ተንቀጠቀጠች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፍርሃት የሚባል ነገር የፈጠረባት አይመስለኝም ነበር።

ያኔ ወረቀት አልነበረንም፤ ዛሬ ኢቃማዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ጊዜውም አላለፈም፤ ግን ኬላ ላይ ሲያስቆሙኝ አሁንም ልሮጥ ልሮጥ ይለኛል። ልጄ እጄን ይዛ ቀና ብላ ስታየኝ፣ ሳልቸኩል እራመዳለሁ።

በቀደም «ኡሚ፣ አንቺ ግን ምንም አትፈሪም አይደል?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።