በእትዬ ዙፋን ስልክ የሚመጣው ቁጥር

በላይነህ በአስራ ሁለት ዓመቱ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ታናሽ ወንድሙን ከእጁ ሲነጥቀው፣ የበሬ ጅራት ይዞ ተረፈ። አድጎ ወረታ ከተማ ላይ፣ የሩዝ ዋጋን በየጠዋቱ በፌስቡክ ገጹ የሚለጥፍ ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ የይለፍ ቃሉን ያውቃል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ ግን ይፋግ በሚኖሩት አክስቱ፣ በእትዬ ዙፋን ስልክ ይመጣል፤ በላይነህ እየደወለ ያስነብባቸዋል።

አንድ ቀን ታጣቂዎች በዚያ ገጽ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ የሚያስነሳ ጥሪ ሊለጥፉ በላይነህ የሚሠራበትን ሱቅ ሰብረው ገቡ። ሊለጥፉ ሲሞክሩ ፕሮግራሙ የማረጋገጫ ቁጥሩን ጠይቆ ቆመ፤ ቁጥሩም በበላይነህ ስልክ አልመጣም።

«ቁጥሩ ማን ዘንድ ነው፣ አንተ የሩዝ ጸሐፊ?»

«ሩዙ ውስጥ ፈልጉት!»

በሰደፍ ጥርሱን አረገፉት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሰበሩ። የአክስቱን ስም አልጠራም። ሲደክማቸው ደሙ ላይ ጥለውት ሄዱ።

ዛሬም ጣቶቹ አይታጠፉም። ሰው ሲጠይቀው፣ «የወንድሜ እጅ አምልጦኛል፤ የእትዬ ስም ግን ከአፌ አላመለጠኝም። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይኸ ነው» ይላል።