የማንኩሳው አውጫጭኝና የጸጥታው ሹም

ዳኘው ከጣሊያን በፊት በቡሬ ገበያ የበቅሎ ደላላ ነበር። የበቅሎ ጥርስ አይቶ ዕድሜዋን መናገር ያቅተዋል፤ ሻጩ ምን ቸግሮት እንደመጣ ግን ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ያሾመው ይኸው ጆሮው ነው። ጣሊያን ቡሬ ሲሰፍር፣ ማን ጠመንጃ እንደቀበረ፣ ማን ዱር ለገባ ዘመዱ ስንቅ እንደላከ እየለቀመ አቀረበ። ውሻ እንኳ ለበላበት ቤት ይጮኻል፤ እሱ የጮኸው በበላበት ቤት ላይ ነው።

በ1931 ዓ.ም. ከቡሬ እስከ ወጀት፣ ማለት እስከ ዛሬው ፍኖተ ሰላም፣ የጸጥታ ሹም ሆነ። ፊታውራሪነቱንም ጣሊያን ጨመረለት። ካባው ትከሻው ላይ አልቆም ይል ነበር፤ ልብስ ሰፊው የለካው ሆዱን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አርበኞች ማንኩሳ አጠገብ የጣሊያንን ካሚዮን መቱ። ከነሱ አንዱ፣ ታከለ የሚባለው፣ ጭኑን ቆስሎ ባሏ የሞተባት እናኑ ቤት ከጎታ ጀርባ ተኛ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የጣሊያኑ ሻምበል ግን ደባቂውን ካገኘሁ ከነቤቱ አቃጥለዋለሁ ብሏል። የዳኘው ሰላዮች ቢዞሩ ቢዞሩ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ እነሱ ሲመጡ ሰው ስለ ዝናብ ነው የሚያወራ።

ዳኘው ሻምበሉ ፊት ቀርቦ አውጫጭኝ ልጥራ አለ። ደንቡንም በአስተርጓሚ አስረዳ፦ የአጥቢያው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ የሚያውቅ ሰው ለሽማግሌዎች በጆሮ ይናገራል፣ እሱም ወፍ ይባላል፤ በደለኛው ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም።

«የቀረ ሰው ራሱን ከሰሰ ማለት ነው። ይህ ደንብ ስቶ አያውቅም» አለ።

በማግስቱ ጤፉ እየረገፈ ሰዉ ሜዳ ላይ ዋለ። የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ዋንዛ ሥር ተቀምጠው ሰው እየቀረበ በጆሯቸው ሹክ ይላል። እናኑም ቀርባ ተመለሰች፤ የታከለ ነፍስና የሷ ጎጆ ከዚያ ሁሉ አፍ በአንዱ ላይ ተንጠልጥለዋል።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ዳኘው ሻምበሉን አስከትሎ መጣ።

«እህ መሪጌታ፣ ወፏ ምን አለች?»

«ወፍ የለም ፊታውራሪ። አንዱ ላሜ ነጠፈች አለኝ፣ አንዱ ጥርሴን አመመኝ አለኝ።»

«እንግዲያው እዚሁ እደሩ።»

«እንዳሉ። ግን ደንቡን እንጨርስ። የቀረ ቤት አለ።»

«የማን ቤት?»

«የርስዎ። ቤትዎ ከዚሁ አጥቢያ ነው፤ ባለቤትዎ ግን አልመጡም።»

ዳኘው ሳቀ። «የፊታውራሪ ሚስት ከባላገር ጋር ፀሐይ ልትመታ ኑሯል?»

«ደንቡ ማዕረግ አያውቅማ፣ ጌታዬ።»

ሻምበሉ ምን ተባለ ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው ነገረው። ሻምበሉ የትናንቱን ትምህርት አልረሳም፤ ቤቱን እንዲፈትሹ ወታደሮች ላከ።

ወታደሮቹ የዳኘውን ጎታ ሲገለብጡ ከገብሱ ሥር ጠመንጃ ወጣ፤ ይዘውት ወደ ሜዳው ተመለሱ። ከገበሬ ገፎ ለጣሊያን ያላስረከበው፣ ቆይቶ ሊሸጠው ያስቀመጠው ነው። ይህን መሪጌታም አያውቁም ነበር፤ እሳቸው ያነሡት ደንቡን ብቻ ነው። ሻምበሉ ግን አርበኞችን የሚያስታጥቅ መሰለው።

«እኔ ሌባ ነኝ እንጂ ከሃዲ አይደለሁም» እያለ ዳኘው በሰው ሁሉ ፊት ሻምበሉ እግር ላይ ወደቀ። አስተርጓሚው ለመተርጎም አልቸኮለም።

የፊጥኝ ታስሮ ወደ ደብረ ማርቆስ ተነዳ። ጠሪው ሲታሰር አውጫጭኙም ተበተነ። ያን ዕለት ማታ ታከለን በቃሬዛ ወደ ቆላ አሻገሩት።

ጣሊያን ሲወጣ ዳኘው ከስቶ ተመለሰ። ለአገሬ በጠላት እጅ የታሰርሁ አርበኛ ነኝ እያለ ሹመት ይለምን ጀመር። ምስክር ሲባል ሌላ ሰው አጥቶ እናኑ ደጅ ቆመ።

«መታሰሬን አይተሻል መቸስ።»

«አይቻለሁ፣ ጌታው። ሲታሰሩም አይቻለሁ፣ ለሻምበሉ የጮኹትንም ሰምቻለሁ። ሁለቱንም እመሰክራለሁ» አለችው።

ምስክርነቷን ሳይፈልግ ቀረ። ቡሬ ገበያ ተመልሶ በቅሎ ያሻሽጥ ጀመር፤ የበቅሎ ጥርስ ማየት እስኪሞት አልተማረም።